የመምሬ ወልደተንሣኤ ሳልና የበጉ ጉሮሮ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከአፋር ቆላ የተነሣው ጉም እንደ ልማዱ የአንኮበርን ገደል ሽቅብ ወጥቶ ጥዱንም ቤቱንም ሸፍኖ ነበር፤ የዚያ ወር ፍርሃት ግን ከጉሙም ይወፍር ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ደዌ ገና አንኮበር ሳይደርስ ወሬው ደርሶ አዋጅ ታውጇል፤ ሰው ከሰው እንዲራራቅ፣ እጅ ለእጅ እንዳይጨባበጥ ተነግሯል፤ ሰሙነ ሕማማትም በጥቂት አገልጋዮች ብቻ ሲከናወን፣ ምእመኑ ከቅጥሩ ውጭ በያለበት ተበትኖ ይሰግድ ነበር። ሳል የሰማ ሁሉ ሐኪም፣ ሐኪም የሆነውም ሁሉ ዳኛ የሆነበት ወር ነው።

በዚያ ወር በአገሩ ሁሉ ከታወቁት ሳሎች የመምሬ ወልደተንሣኤን የሚያህል አልነበረም። መምሬ ከወጣትነታቸው ጀምረው የቀደሱ ካህን ናቸው፤ ቤታቸውን ያቆመው ግን ባናቸው ነው። የበግ ጸጉር በደጋን ነድፈው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝናሽ የፈተሉትን ሸምነው፣ ለደብረ ብርሃን ገበያ ብርድ የሚያስረሳ ባና ያቀርባሉ። ነፋሱ ጸጉሩን እንዳይበትንባቸው በሩን ዘግተው ስለሚነድፉ፣ በስንጥቅ የገባች የፀሐይ ጨረር በዚያ ክፍል ውስጥ በአቧራ ብዛት እንደ ምሰሶ ቆማ ትታይ ነበር። ሳሉም ከደጋኑ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ቀድሞ ማንም ጉዳዬ አላለውም፤ እንዲያውም ጎረቤታቸው አቶ መልካሙ የሚነቁት በዶሮ ጩኸት ሳይሆን በመምሬ ሳል እንደ ሆነ እየተናገሩ ይስቁ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ግን አቶ መልካሙ አጥራቸውን ከፍ አደረጉ።

መምሬም የሰው ዓይን ሲበዛባቸው ከአገልግሎት ራሳቸውን አገለሉ። ሳላቸው ሲመጣ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ይወትፉና ያፍኑታል፤ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ትንፋሻቸው ከአልጋ እስከ በር አላደርስ ይላቸዋል። በዚህ አኳኋን ክረምቱን እንደማይዘልቁ ሦስቱም የቤቱ ሰዎች ያውቁ ነበር፤ አፍ አውጥታ የተናገረችው ግን ልጃቸው ማኅደረማርያም ናት።

ማኅደረማርያም ዐሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና ወድቃ የቀረች ልጅ ናት፤ ፈተናው እሷን እንጂ እሷ ፈተናውን የወደቀች አይመስላትም። የቅመም መጠቅለያ ሊሆን ገበያ ላይ ተቀምጦ ያገኘችውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ገዝታ፣ የተቀደደውን ገጽ በግምት፣ ያልተቀደደውን በቃል ይዛለች።

«አባባ፣ ደብረ ብርሃን ሄደን ሐኪም ይይዎት» አለቻቸው በጸሎተ ሐሙስ።

«ሐኪሙስ ያየኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ቤቴን አላይም። ለይቶ ማቆያ ያስገቡኛል፤ ብሞትም ያለ ፍትሐት ይቀብሩኛል።»

«ሳይታዩ ቢሞቱስ?»

«ፍትሐቱ አይቀርብኝማ።» ጥቂት አረፉና ቀጠሉ፤ «ደግሞ ምኑን ይታያል? ሳንባዬ እንደ እህል ጉድጓድ ነው፤ ስንት ዘመን ያወረድኩበት ብናኝ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሮ ሞልቷል። ወርዶ የሚያወጣው ማነው?»

«መጥረጊያ አለው፤ ከውስጡ።»

«የሷን ነገር» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፤ «ባለፈው ደግሞ ጥርስ አጥንት አይደለም ብላ ስትሟገተኝ ዋለች።»

ልጅቱ መጽሐፏን አምጥታ ገለጠች። በገጹ ላይ የአየር ቧንቧ ውስጠኛ ገበር፣ በማጉያ መሣሪያ እንደሚታየው ሆኖ ተሥሏል፤ ረዣዥም ሕዋሳት ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል።

«ሲያዩት ብዙ ረድፍ ይመስላል፤ አይደለም። እርስዎ ሲቀድሱ ሕዝቡ እንደሚቆመው ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው፤ የሁሉም እግር ግን አንድ ምንጣፍ ላይ ነው። እነዚህ ብርሌ የሚመስሉት አክታ ያፈልቃሉ፤ ብናኙ እዚያ ላይ ይጣበቃል። በረጃጅሞቹ አናት ላይ ያለው ጸጉር ደግሞ እንደ ሽፋሽፍት እየተርገበገበ አክታውን ወደ ላይ ይገፋዋል።»

መምሬ ሥዕሉን ብዙ አዩት። «ሥዕል ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «በሥዕል ሁሉም ይተርገበገባል።»

«እንግዲያው በፋሲካ በግ አሳይዎታለሁ» አለች፤ ከዚያም ከአቅሟ በላይ እንደ ተናገረች ገባት፤ የተናገረችውን መመለስ ግን ልማዷ አልነበረም።

የፋሲካ ዕለት በጉ ታረደ። ማኅደረማርያም ጉሮሮውን ከሳንባው ለይታ በሳህን አኑራ ከሰል ልትፈጭ ወጣች፤ ስትመለስ ወይዘሮ ዝናሽ፣ እንደ ማንኛዋም የቤት ባለሙያ፣ ያልታጠበ ነገር ቤታቸው ውስጥ ማየት ስለማይሆንላቸው ጉሮሮውን በፈላ ውኃ፣ በጨውና በሎሚ አሽተው አጥበውላት ቆዩ። ልጅቱ ነገሬ ሳትል በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃ ዘረጋችው፤ በሳንባ በኩል ባለው ጫፍም የከሰል ዱቄት ነሰነሰችበት። አባትና ልጅ አጎንብሰው ጠበቁ። ከሰሉ በወደቀበት ቀረ። ማኅደረማርያም ሳህኑን አዞረችው፤ ከሰሉ ግን ከሳህኑ ጋር ዞረ እንጂ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

«ይኸው» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ የተረጋጋ ነበር፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይከፋል። «የኔም እንዲህ ነው። ልፋትሽን እግዜር ይቁጠርልሽ።»

በዚያ ሳምንት መምሬ በሩን ዘግተው የቀረውን ጸጉር ሁሉ ነደፉ፤ ቤታቸውን አሰናድተው ሊሄዱ እንደ ተነሡ ሰው። ማኅደረማርያም ደግሞ መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ስታገላብጥ፣ ሕዋስ በሙቀት እንደሚሞት የሚናገር ዐረፍተ ነገር አገኘች፤ ወደ ጓዳ ዞራ የሎሚውን ልጣጭ አየችው፤ እናቷ ጉሮሮውን ያጠቡበት የፈላ ውኃም ትዝ አላት።

ለሁለተኛ ጊዜ የሚታረድ በግ በቤታቸው አልነበረም። በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ጋሼ መልካሙ፣ ነገ በግ ያርዳሉ አሉ።»

«ማነው ያለው?» አሉ አቶ መልካሙ ከአጥሩ ወዲያ ራቅ ብለው።

«ራሱ በጉ ነው። ሲጮህ አደረ።»

«ሥጋ አምሮሽ ከሆነ…»

«ሥጋውን ይብሉት። የአየር ቧንቧውን ነው የፈለግሁት፤ ጉሮሮውን።»

«የውሻዬን ድርሻ? የቄስ ልጅ ሆነሽ ጥንቆላ ጀመርሁ እንዳትዪኝ።»

«ለአባቴ ላሳየው ነው። ሳይታጠብ፣ ጨው ሳይነካው፣ ገና ትኩስ ሳለ። ባለቤትዎ ሊያጥቡት ቢነሡ ይያዙልኝ።»

አቶ መልካሙ አገጫቸውን አሹ። «እጅ በእጅ ግን አልሰጥሽም።»

«አጥሩ ላይ ይስቀሉት፤ እኔም የእርስዎን እጅ አልተመኘሁም።»

በማግሥቱ፣ ሚያዝያ ዐሥራ ስምንት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ ጉሮሮው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ እንፋሎቱ ይታይ ነበር። ማኅደረማርያም በነጠላዋ ጠቅልላ ሮጠች፤ ሰነጠቀችው፤ ለብ ያለ ውኃ በጣቷ እርጭ አድርጋ በነጭ ሳህን ዘረጋችው፤ ከሰሉንም ነሰነሰች። መምሬ ለልጃቸው ሲሉ ቀረቡ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ጥቁሩ ነጥብ በርጥቡ ሮዝ ገበር ላይ እንደ ተራበ ጉንዳን ቀስ እያለ ወደ ጉሮሮው አፍ መጓዝ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። የሚነካው እጅ፣ የሚገፋው ነፋስ አልነበረም። ወይዘሮ ዝናሽ እንዝርታቸውን አቆሙ።

መምሬ ሳህኑን ባንድ ወገን ከፍ አድርገው ዳገት አደረጉበት፤ ከሰሉ ዳገቱን ወጣ። በገዛ ጣታቸው ሌላ ቁንጥር አንሥተው ነሰነሱ፤ እሱም ሄደ።

«በጉ ሞቷል» አሉ።

«በጉ ሞቷል፤ ጠራጊዎቹ ግን ወሬው አልደረሳቸውም።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ አፍ። እዚህ ሲደርስ በጉ ሳል ብሎ ያወጣው ነበር። እርስዎ ደጅ የደረሰውን አፍነው ወደ ቤት ይመልሱታል፤ ይህ ደግሞ ሳያንስ በር ዘግተው ሌላ ይጨምሩበታል። ጠራጊዎቹ ደክመዋል እንጂ ሁሉም አልሞቱም፤ አቧራው ቢቀንስላቸው ያገግማሉ።»

መምሬ ከሳህኑ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «እስከ ታች ድረስ አሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

ለማኅደረማርያም መዋሸት ቀላል ነበር፤ ግን ያነበበችውን መካድ ከውርደት ሁሉ የባሰ ውርደት መሰላት። «የሉም» አለች። «ቧንቧው እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው፤ ገበራቸው ከሽንኩርት ስስ ልጣጭ እጅግ ይሳሳል፤ አየር ወደ ደም የሚያልፈው በነሱ ነው። እዚያ መጥረጊያ የለም። እዚያ የገባው ምን እንዳደረገዎት አላውቅም።»

መምሬ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«አላውቅም።»

«ይህን ቃል ካንደበትሽ ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ፊታቸው ላይ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሣቅ ታየ፤ ሣቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉንም አላፈኑትም፤ እስኪወጣ ሳሉት። «እንግዲያው የሚያውቀውን እንጠይቅ። ነገ እንሂድ።»

ሚኒባሱ በአዋጁ መሠረት ከልማዱ በግማሽ ያነሰ ሰው ጭኖ ወሰዳቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ከአፍንጫቸው ናሙና ተወስዶ ለይቶ ማቆያ ገቡ፤ የፈሩት ሁሉ ደረሰ፤ አልሞቱበትም። ደዌው እንዳልያዛቸው ሲታወቅ ዶክተር ቴዎፍሎስ የሚባል ወጣት ሐኪም ደረታቸውን በራጅ አየ፤ ቧንቧዎቹ ተቆጥተው እንደ ጠበቡ፣ ከታችም ጥቂት ስፍራ ጠባሳ ሆኖ እንደማይመለስ፣ የሚበዛው ግን እንደሚተነፍስ ነገራቸው፤ የሚሳብ መድኃኒትም ሰጣቸው። መምሬ ጠባሳውን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ ጉድጓዱ እንዳልሞላ ካወቁ ወዲህ የቀረውን መቁጠር ተምረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ከቤቱ ጀርባ የነፋስ ከለላ ባለበት፣ አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ አስረው ይነድፉ ጀመር። በፍልሰታ ወደ መቅደሱ ተመለሱ። ረጅሙን ዜማ ትንፋሻቸው ስለማይዘልቀው ለሌላ ካህን ተዉለት፤ የቀረውን ግን ቆመው ቀደሱ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሁሉ አዋጁን፣ የተዘጋውን ደጅና የሙታኑን ቍጥር ጽፈዋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። በአንኮበር አንድ ካህን በአንድ ሳህን ላይ አጎንብሰው ስለ ገዛ ደረታቸው ያላቸውን ሐሳብ እንደ ለወጡ የጻፈ የለም፤ ታሪክ ወደ ጓዳ የመግባት ልማድ ኖሮት አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ግን ማኅደረማርያም የአካባቢውን ነዳፊዎች ሰብስባ ልታሳይ ከሰል ፈጭታ ወደ አጥሩ ብትወጣ፣ ሳትጠይቅ፣ ያልታጠበው ጉሮሮ እንፋሎቱ እየወጣ ተሰቅሎ አገኘችው። አጥሩም ወደ ቀድሞ ቁመቱ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር፣ አቶ መልካሙ ከወዲያ ቆመው ይታዩ ነበር።

«ባለቤቴን በግድ ነው የያዝኋት» አሉ። «ዘንድሮ እኔም ልየው።»