በሽምግልና የተዘጋ ክስ

ሽማግሌ መክብብ አልናብሩ ኦስሎ ውስጥ፣ በመጋዘኖች መካከል የኢትዮጵያውያን ጉባኤ በተከራየው አዳራሽ፣ በጸሎት ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞተ። ዕለቱ የጾም ጸሎት ቅዳሜ ነበርና ምእመናኑ በጸሎት የተደፋ መስሏቸው፣ እንዳይረብሹት በእግራቸው ጫፍ ሲያልፉት ዋሉ። ወይ የዋህነት!

ኦስሎ ተወልዳ ያደገችው መርማሪ ናታሊ ኢተፋ ተላከች። ከሬሳው አጠገብ አጥሚት የያዘ ፔርሙዝ ነበር። ሐኪሙ አጥሚቱ ውስጥ ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት አገኘ።

ጣት ሁሉ ወደ ሩቲ ተቀሰረ። ሩቲ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪና መዘምር ናት። በጸደይ መክብብ ደፈረኝ ብላ ለፖሊስ አመልክታለች። ሽማግሌዎቹ ይቅር በዪው ቢሏት አሻፈረኝ አለች፤ ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚላት ጠፋ። እልኸኛ ናትና መዝሙሩን አልተወችም፤ ቅዳሜም እዚያው ነበረች።

ናታሊ ሮምሶስ ሰፈር፣ ሩቲ ቤት ድረስ ሄደች።

«እንዲሞት ፈልገሽ ነበር?»

«ናይ፣ አልፈለግኩም። ዳኛ ፊት እንዲቆም ነው የፈለግኩት። ሐሙስ ዕለት ጠበቃዬ ክስ ሊመሠረት ነው አለችኝ። ለማን ልንገር? የሚያናግረኝ የለም። ስንት ዓመት ይፈረድበት ነበር?»

ናታሊ ሕጉን ነገረቻት፤ ከተፈረደበት ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ እስከ አሥር፣ ከከፋም ከዚያ በላይ።

«ሁለት» አለች ሩቲ።

የጉባኤው መሪ ጋሽ ተረፈ ስለ ሟች ተጠይቀው ሳይጨርሱ አለቀሱ። ወንድም መክብብ ሲጾም ውኃ እንኳ አይቀምስም ብለው ማሉ፤ ፔርሙዙ የማን እንደሆነም አላወቁም። በአረጋውያን መኖሪያ የምትሠራው ሚስቱ በቀለች ግን አላለቀሰችም። ባሏ ስኳር አለበት፣ ጾም አይችልም፣ ለስሙ ሲል ይደብቃል አለች። አጥሚቱን በየጾሙ የምታዘጋጅለት እሷው ናት።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለች ናታሊ።

«ማንም። እንዲህ ያለ ገመና ለማን ይነገራል?»

በማግስቱ ናታሊ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«መድኃኒቱን የጨመረው ሰው መክብብ ጾሙን እንደሚገድፍ ያውቃል» አለች። «ጋሽ ተረፈ ውኃ አይቀምስም ብለው የሚምሉለት ሰው በመጠጥ አይመርዙም። ሩቲም እንደ ጉባኤው ሁሉ ጾመኛ ነው የሚመስላት፤ ደግሞ በሕይወት ቆሞ እንዲከሰስላት ትጠብቅ ነበር። የእንቅልፍ መድኃኒት ከምትሠሪበት ቤት ጎድሏል፣ እትዬ በቀለች። ምስጢሩንም የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ያ፣ እኔ ነኝ» አለች በቀለች። «ልጅቷ እውነቷን ነው። ብቻውን የሆነ መስሎት ለእግዚአብሔር ሲናዘዝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ተረፈ ነገሩ በሽምግልና አልቋል፣ ክሱ ተዘግቷል አሉኝ። ታዲያ ሕግ ከተወው እኔ ልተወው?»

ተረፈ አንገታቸውን ደፉ። በሽማግሌ ያለቀ ነገር ፖሊስም የሚተወው መስሏቸው ነበር፤ ደግሞስ የሴትየዋን ልብ ማሳረፍ ፈልገው ነው።

«እዚህ አገር እንዲህ ያለ ክስ በሽማግሌ አይዘጋም» አለች ናታሊ። «ዐቃቤ ሕጉ ሊከሰው ወስኖ ነበር።»

በቀለች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አስቦ ለገደለ ሕጉ እስከ ሃያ አንድ ዓመት ያስራል።

«የእኔስ ክስ?» አለች ሩቲ።

«ሟች አይከሰስም።»

ናታሊ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች፤ ግን ለማን ጠቀመ? ልጅቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በቀብሩ ዕለት ጉባኤው ግጥም ብሎ ወጣ። ሩቲ አልመጣችም። ጋሽ ተረፈ ሬሳው ፊት ቆመው፣ ወንድማችን መክብብ አንድም ፍርድ ሳይወጣበት ንጹሕ ሆኖ ሄደ አሉ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ናታሊ ከኋላ ቆማ ሰማች። በሕጉ አነጋገር ጋሽ ተረፈ አልተሳሳቱም።