ጉድጓዱ ሲጠጣ

ይህን ከማንም አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። ደቡብ ሕንድ፣ ቲሩፑር ከተማ፣ ጨርቅ የምናቀልምበት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ።

የመሣሪያ በዓል ነበር። በዚያ ቀን ማሽን ይታጠባል፣ ቀይ ዱቄት ይቀባል፣ የአበባ ጉንጉን ይጠለቅለታል... ከዚያ እስከ ማግስቱ ማንም አይነካውም። የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያውም ማሽን ነውና፣ አበባውን አጥልቆ አርፏል።

ማሽኖቹ የታጠቡበት ውሃ ግን ከነቀለሙ፣ ከነአሲዱ ገንዳውን ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል።

አለቃችን ቼላሙቱ ከገንዳው ቱቦ ጎትቶ፣ አጥሩ ሥር ወዳለው የደረቀ ጉድጓድ ሰደደው።

«ጋሼ፣ ተው!» አልኩት። «ከአጥሩ ማዶ የኔ ቤት ነው። ሚስቴ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። እርጉዝ ናት እኮ!»

«ታዲያ በበዓል ማጣሪያ ላስነሳልህ? ነገ ማሽኑ ተቀይሞ ጣትህን ቢበላህ፣ እኔን እንዳትል!» ሳቀ። «ጉድጓድ እንደሁ ማሽን አይደለም። አይቀየምም።»

ቧንቧውን ከፈተ።

ውሃው ወረደ... ወረደ...

የመውደቅ ድምፅ ግን የለም።

ያ ሁሉ ገንዳ ዓይናችን እያየ ተጋመሰ።

ቼላሙቱ ሳቁ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ።

«ትሰማለህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ሰማሁ።

ውጥ... ውጥ... ውጥ...

የተጠማ ሰው ጉሮሮ ነው።

«ዝጋው!»

«ዘግቼዋለሁ...»

ውሃው ግን መውረዱን አላቆመም።

ሮጬ የማጣሪያውን አበባ በጠስኩት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ቼላሙቱ አልከለከለኝም። ማጣሪያው አጓርቶ የቀረውን ውሃ ወደ ራሱ ሳበ።

ወዲያው ለሚስቴ ለማላር ደወልኩ።

«ከጉድጓዱ እንዳትጠጪ!»

«ቀስ በል...» አለች እያንሾካሾከች። «እኔ አልጠጣሁም። ጠማኝ የሚለው እሱ ነው።»

«ማን?»

ስልኩ ተዘጋ።

አጥሩን ዘልዬ ወረድኩ።

ማላር ጉድጓዳችን አፍ ላይ ተንበርክካለች። ከአሥር ክንድ በታች የነበረው ውሃ አፉ ድረስ ሞልቷል... ወይን ጠጅ መስሎ። ክንዷን እስከ ብብቷ ነክራ፣ ከሥር የሆነ ነገር ቸብ ቸብ ታደርጋለች።

«እሽሩሩ...»

«ማላር! ተነሺ!»

«እሽሽ... ማሽኑን ለምን አስነሳችሁት?» አለች ሳትዞር። «ገና ሸለብ እያደረገው ነበር።»

ወገቧን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት።

ከውሃው ውስጥም... ክንዷ ወደ ታች ተጎተተ።