የኅዳር ኪስ

ለሰው የጉዞ ወር መምረጥ ሥራዬ ነው። እኔ ግን ከዚህ ከተማ ወጥቼ ያደርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ነበር።

የምሠራባት የጉዞ ወኪል ቢሮ አንድ ክፍል ናት። በግራዋ የልብስ ንጽሕና መስጫ አለ፤ በቀኟ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት የጫማ ሱቅ። አለቃዬ ጠዋት መጥታ ስልክ ታወራለች፣ ከምሳ በኋላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የቀረውን ቀን እኔና የግድግዳው ሰዓት እንካፈለዋለን።

ደንበኞቻችን አብዝተው የሚመርጡት አንድ የበረሃ አገር ነው። ፀሐዩ አይጠፋም፣ ሰማዩ ደመና አያውቅም፣ አሸዋው ማለቂያ የለውም። ሰው ሁሉ ገብቶ ሲቀመጥ የሚጠይቀኝ ያው ነው፤ «መቼ ብሄድ ይሻለኛል?» ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለው ባለሥዕል ወረቀት «በማንኛውም ወቅት ይምጡ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው እንደ እኔ ሄዶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ስለዚህ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ከወፍራም ጨርቅ አሥራ ሁለት ኪስ ሰፍቼ ከጀርባዬ ሰቀልኩ፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ኪስ። ጳጉሜን የት አለች ላለኝ ሰው ከነሐሴ ጋር ተዳብላለች እለዋለሁ። ከበረሃው የተመለሰ ደንበኛ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፎ በሄደበት ወር ኪስ ውስጥ ይከታል። አንድ ብቻ፤ ግን እውነተኛ። «መጋቢት። አሸዋው ጥርሴ ውስጥ ገባ።» «ግንቦት። ከሆቴል ሳልወጣ ተመለስኩ።» «ጥር። ቀኑ ጥሩ፣ ጠዋቱ ሁለት ሹራብ።» የሐምሌ ኪስ ባዶ ነው። የኅዳር ኪስ ደግሞ ከመሙላቱ የተነሳ ስፌቱ ሊተረተር ደርሷል።

በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ቤቴ ስገባ ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ የሚሰማኝ ሰው የለም። ሳህኔ አንድ፣ ብርጭቆዬ አንድ፣ ወንበሬ ግን ሁለት ነው፤ በአንዱ ላይ የሚተኮስ ልብስ ይቀመጣል። ያ በረሃ ግን በየወሩ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ብትጠይቁኝ ከእንቅልፌም ተነሥቼ እነግራችኋለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የቢሮው የመስኮት መስታወት ተሰነጠቀ። አለቃዬ ወደ መስታወት ቤት ደውላ ሰው አስላከች። የመጣው ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር፤ ጣቶቹ በትናንሽ ጠባሳ የተሞሉ። መስታወቱን ለመግጠም ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ወደ ውጭ ወጥቶ በጨርቅ ወለወለው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና አየው። ቀጥሎ መስታወቱን ትቶ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየኝ። እኔም ሳየው ነበር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ዓይናችንን ሰበርን።

ዕቃውን ሊሰበስብ ሲገባ ግድግዳውን አየ።

«ይሄ የኪስ ነገር ምንድን ነው?»

አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ሰው ሳያቋርጠኝ ያን ያህል ካወራሁ ቆይቶ ነበር።

«እርስዎስ የትኛው ኪስ ውስጥ ነዎት?» አለኝ።

«የትኛውም ውስጥ የለሁም። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ከሄደ በኋላ መስታወቱ በጣም ከመጥራቱ የተነሳ የሌለ መሰለኝ። መንገደኛው ሁሉ በአጠገቤ የሚያልፍ ይመስላል፤ የሚገባ ግን የለም።

ጥቅምት ሲገባ ተመለሰ። የተሰበረ መስታወት አልነበረንም።

«አባቴን ወደ በረሃው ልወስደው ነው፤» አለ እየተቀመጠ። «ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። መስታወት ከአሸዋ እንደሚሠራ ያውቃል፣ ያን ሁሉ አሸዋ በቦታው ተኝቶ ግን አይቶት አያውቅም። አሁን ካላየሁ ብሎ ተነሥቷል።»

«ምን አስቸኮላቸው?»

«ሽማግሌ አይደል፤» አለና መስኮቱን ማየት ጀመረ። «የትኛው ወር ይሻለዋል? ኅዳር ይሆን?»

ኅዳር ነው። ኅዳር እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ሆዴ ሌላ ነገር አሰበ። ኅዳር ካልኩት ዛሬውኑ ቲኬቱን ይዞ ይሄዳል፤ ከበረሃው ይመለሳል፣ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አመስግኖኝ ይወጣል። ጥር ካልኩት ሦስት ወር አለኝ።

«ኅዳር አይመከርም፤» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ሙቀቱ ገና አይለቅም። ለትልቅ ሰው ጥር ነው።»

«አንቺ ካልሽ ጥር ይሁን፤» አለ።

አንቺ ያለኝ ያኔ ነው። ደስ ከማለቱ የተነሳ መዋሸቴን እንኳ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ከምሳ በኋላ ብቅ ይል ጀመር። ሁልጊዜ ምክንያት ይዞ ነው። አባቱ ምን ዓይነት ጫማ ያድርግ? ኮፍያ ከዚህ ይግዛ ወይስ ከዚያ? አንድ ቀን ግመል ሲንበረከክ በፊት እግሩ ይጀምር እንደሆነ በኋላ እግሩ ሊጠይቀኝ ከከተማው ማዶ መጣ።

«በፊት እግሩ ነው፤» አልኩት። «ይህን ለመጠየቅ ስልክ የለህም?»

«ስልክ አለኝ። ስልኩ ግን ወንበር የለውም።»

ተቀምጦ ብዙ አያወራም። እኔ ወረቀቴን አገላብጣለሁ፣ እሱ ደጁን ያያል፤ ዝምታው ግን ቤቴ ካለው ዝምታ ጋር አይገናኝም። ሲሄድ ወንበሩን ወደ ቦታው አልመልሰውም ነበር፤ እንደተወው ይቆይ እል ነበር። የሆዳችንን ግን አንዳችንም አልተናገርንም።

እህቴ ስትደውል ከድምፄ አወቀችብኝ።

«ሰው አለ አይደል?»

«ደንበኛ ነው።»

«ደንበኛ ስትይ ድምፅሽ ለምን ይቀጥናል?»

እነዚያ ወራት ደጎች ነበሩ። ኅዳር ገብቶ ሲወጣ ግን በየቀኑ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ስቀመጥ ይከብደኝ ነበር። ከበረሃው የሚመለሱ ሰዎች ፊታቸው በርቶ እየመጡ ወረቀታቸውን እዚያው ኪስ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። ምን አለበት፣ ሽማግሌው በጥርም ቢሆን ያዩታል፣ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል መጣ። ያን ቀን አልተቀመጠም።

«ሆቴሉ ደረጃ አለው?»

«በሩ ላይ ሦስት አለ። ምነው?»

«አባዬ ደረጃ አያይም።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«ዓይኑ እየሄደ ነው፤» አለ። «ሐኪሙ መስከረም ላይ ነው የነገረን። የሚታከም አይደለም፣ የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው አለ። ኅዳር ሙሉ ፊቴን ይለይ ነበር። አሁን የሚለየው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምሎኝ ነው። መስታወት ቆራጩ ዓይኑ ጠፋ ሲባል መስማት አልፈለገም።» ፊቴን አየና የደነገጥኩ መስሎት ድምፁን አለሰለሰ። «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ኅዳር ሙቀት ከሆነ ሙቀት ነው።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ግን ያ አይዞሽ አንጀቴን ቆረጠው። ተነሥቼ የኅዳርን ኪስ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

«አንብበው፤» አልኩት።

አንዱን አነሣ። «ኅዳር። ከዚህ የተሻለ አየር የትም የለም።» ሌላ አነሣ። «ኅዳር። እናቴን በሰማንያ ዓመቷ ወስጃት አንድ ቀን አላማረረችም።» ሦስተኛውን ድምፅ ሳያወጣ አነበበ። አራተኛውን አልጨረሰውም።

«አልገባኝም።»

«ዋሽቼህ ነው። ኅዳር ነበር። ኅዳር ካልኩህ ሄደህ ትቀራለህ ብዬ ነው። እየመጣህ እንድትቀመጥ ብዬ።»

በዕድሜዬ ለሰው እወድሃለሁ ብዬ አላውቅም። የመጀመሪያዬ እንዲህ ሆኖ ወጣ።

አልተቆጣም። ወረቀቶቹን እንደ መስታወት ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክሎ ሰበሰባቸው፣ ራሱ ሄዶ ወደ ኪሳቸው መለሳቸው።

«ጥር አሥራ ሁለት ነው ያልሽኝ?»

«አሥራ ሁለት።»

ቲኬቶቹን ይዞ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ድው አድርጎት ቢሄድ ይሻለኝ ነበር።

ጥር አሥራ ሁለት ጠዋት አውሮፕላኑ የሚነሣበትን ደቂቃ ሰዓቴን ሳላይ አወቅሁት። የበረሃውን አየር በየቀኑ እከታተል ነበር። አንድ ጠዋት በጣም በርዶ ሽማግሌው ሹራብ ይዘው እንደሆነ እያሰብኩ ዋልኩ። ደንበኛ መጥቶ የትኛው ወር ይሻለኛል ሲለኝ አፌ ይተሳሰር ጀመር፤ ጨርቁን ከግድግዳው አውርጄ ራስዎ ያንብቡ እላለሁ። የሚመለሱበት ቀን አለፈ። የካቲት ገባ። ማንም አልመጣም።

«ደንበኛውስ?» አለች እህቴ።

«ሄደ።»

«አይመለስም?»

«ከበረሃው ተመልሷል፤» አልኳት፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ከመግባታቸው በፊት በጣታቸው የመስታወቱን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

«ደህና ገጥሞታል፤» አሉ ለራሳቸው። ማን እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ወንበሩ፣ እሱ ትቶት ወደሄደው ወንበር፣ መራኋቸው።

«ከበረሃ የተመለሰ ሰው አንድ ነገር ይጽፋል ብሎኛል ልጄ። እኔ አላይም። አንቺ ጻፊልኝ።»

«አባባ፣ እኔ ማለት...»

«ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጻፊ።»

ብዕር አነሣሁ።

«ጥር፤» አሉ። «አሸዋውን አላየሁትም።»

ጻፍኩት። ፊደሎቹ እንባ ውስጥ ዋኙብኝ።

«ልጄ ስምንት ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ቀለሙን ነገረኝ፣ ጥላው ሲዞር ነገረኝ፣ ነፋሱ ሲያጥፈው ነገረኝ። ከተወለደ ጀምሮ ያን ያህል አውርቶኝ አያውቅም።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው አባባ፤» አልኩ፣ ድምፄን ለማግኘት ብዬ እንጂ ደንቡ ትዝ ብሎኝ አልነበረም።

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው አሸዋውን ሰርዢው።»

ሰረዝኩት።

«እንዳልዋሽሽ ተቀይሜሻለሁ፤» አሉ ቀጥለው። «በኅዳር ወስዶኝ ቢሆን አየው ነበር። ግን እኔም ደብቄያለሁ። እኔ ባልደብቅ አንቺም አትዋሺም ነበር ይላል።»

«ማን?»

«ውጭ ነው ያለው። አልገባም ብሏል። አንተን ላድርስ ብዬ ነው እንጂ አለኝ። ዛሬ ጻፊልኝ ልበላት ስለው ግን ኮፍያዬን ከእኔ ቀድሞ ያነሣው እሱ ነው።»

በመስታወቱ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ወጣሁ። ጎኑ ስቆም አልዞረም።

«አልበረደልህም፤» አልኩት።

«አልበረደልኝም።» የልብስ ንጽሕናው ማሽን ከግድግዳው ጀርባ ይጮሃል። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሥራሽ ነው፤» አለ። «አንድ የተቀየመ ሰው አለ። ተቀይሞም ግን በየሳምንቱ እግሩ ወደዚህ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ማዕዘን ይደርስና ይመለሳል። ይህ ሰው መቼ ቢመጣ ይሻለዋል? ቅያሜው እስኪወጣለት ይቆይ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዎችን ጠብቁ ስል ነው የኖርኩት። ሙቀቱ እስኪለቅ ጠብቁ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

«ዛሬ ይምጣ፤» አልኩት። «ከነቅያሜው።»

ዞረ። የበረሃው ፀሐይ ፊቱን አጥቁሮታል፣ ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው።

«እርግጠኛ ነሽ? የተጻፈ ነገር አለሽ?»

«የለኝም። ሄጄበት አላውቅም።»

ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ ገብቶ ወንበሬን ከአባቱ አጠገብ ስቦ ተቀመጠ። እኔ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት በሩን ቆለፍኩት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮው ተዘግቶ ውስጥ ሰው ነበረ፤ ሽማግሌው አንዱ ወንበር ላይ፣ እሱ ሌላው ላይ፣ እኔም ቦታ አጥቼ ቆሜ።