የማሳነሻ ቃላት

ሟቹ ከሳንቃው ግድግዳ ሥር በጎኑ ወድቋል። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ቁልፎቹን ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ከዘራ፣ በካርድ የተሞሉ ሳጥኖች። ሽማግሌው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ዕድሜውን የፈጀው እዚህ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ካርዱን በግድግዳው ላይ በተከፈተች ትንሽ መስኮት ወደ ጎረቤት ክፍል ያሳልፋል፤ እዚያ አራሚዋ ተቀብላ ታርማለች። ዛሬ ያለቁ ካርዶች በእሱ በኩል፣ በመስኮቷ ደፍ ላይ ተቆልለዋል። የመስኮቷ መወርወሪያ ያለው በአራሚዋ በኩል ነው።

የሟቹ ልጅ ኮሪደሩ ላይ በፖሊስ ትጠበቃለች። የአባቷን የአስም መድኃኒት፣ ያን በአፍ የሚሳበውን፣ የምትገዛው እሷ ናት። ከኪሱ የተገኘው ባዶ ነው። ሊወስዷት መኪና ተጠርቷል።

«ዛሬ ጠዋት አዲስ ገዝቼ ኮቱ ኪስ ከትቻለሁ» አለች። «ባዶውን በአራሚዋ፣ በእትዬ ወንበር አጠገብ ካለው ቅርጫት ጣልኩት።»

«ኮቱን ለብሶት ነበር?»

«አባዬ የሚሠራው በሸሚዝ ነው። ኮቱ እትዬ ጋ ይሰቀላል። ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት፣ መድኃኒት ሲፈልግ መስኮቷን ያንኳኳል፤ እሷ ታቀብለዋለች።»

«ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ትንሽ ከበድ ብሎት...» አለችና ቀና አለች። «ትንሽ አልነበረም። ደረጃውን ደግፌ ነው ያወጣሁት። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚወራው፤ አባዬ ግነት አይወድም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የማተሚያ ቤት ባለቤት ነው። በቤተሰቡ ዘንድ «አንድ ሺህ» ይባላል፤ አምስት ሰው ካየ «አንድ ሺህ ሰው አየሁ» ባይ ነውና።

«ሳሉ ሕንፃውን አናጋው እኮ፣ ጌታው! የመጽሐፉን ሽፋን ላሳየው ስመጣ ኮሪደሩ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር!»

«ገብተው አዩት?»

«ሲሠራ ሰው ሲገባበት አይወድም። ሽፋኑን ለአራሚዋ ሰጥቼ ላይኛው ፎቅ ደንበኛ ጋ ወጣሁ። ስመለስም ያው ነው፤ እንደ መድፍ!»

«ታዲያ ለምን አላንኳኩም?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ባንኳኳ፣ ‹ደግሞ ምን ልታጋንን መጣህ› ሊለኝ።»

አራሚዋ ሽበት የጀማመራት ሴት ናት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ መለሰች።

«ሳል ብጤ ሰምቻለሁ። አዲስ ነገር አልነበረም።»

«መድኃኒት አልጠየቀዎትም?»

«ብርድ ብርድ ብሎት ኮቱን ቀደም ብሎ ወስዶ ነበር። እስከ መጨረሻው ካርድ ስንቀባበል ቆየን። እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

መርማሪው ከደፉ ያነሳቸውን ካርዶች ዘረጋላት። «አንደርስቴት፣ ፕሌይ ዳውን፣ ቢሊትል። እነዚህ ሁሉ የማጋነን ተቃራኒዎች አይደሉም እንዴ? ምን ይለያቸዋል?»

ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «የመጀመሪያው ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ መናገር ነው፤ ጨዋም ያደርገዋል። ሁለተኛው ሰው እንዳይደነግጥ፣ ወይም እንዳይጠይቅ፣ ነገሩን ማቃለል ነው። ሦስተኛው ማንኳሰስ ነው። እሱ ያቆስላል።»

«አመሰግናለሁ» አለና ሁሉንም ሰዎች በእሷ ክፍል ሰበሰበ።

«በኮቱ እንጀምር» አለ። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሸሚዙን አንገት ይፈታል እንጂ ኮቱን እስከ ጉሮሮው አይቆልፍም። ሌላ ሰው፣ ከሞተ በኋላ፣ አልብሶታል። ኮቱ ደግሞ የነበረው እዚህ፣ ከእርስዎ ወንበር ጀርባ ነው።»

መርማሪው ወደ መስኮቷ ዞረ።

«ካርድ ስንቀባበል ነበር ብለውኛል። ያለቁት ካርዶች ግን በእሱ በኩል ተከምረዋል። መስኮቷ ተዘግታለች ማለት ነው፤ መወርወሪያዋ ላይ የሚደርሰው እዚህ የተቀመጠ ብቻ ነው። ከወንበርዎ አልተነሱም ብለዋል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አልዘጋትም። ከእግርዎ ሥር ካለው ቅርጫትም ባዶው መድኃኒት ተነስቶ በአዲሱ ቦታ ኪስ ውስጥ ገብቷል።»

«ሳሉስ? አልተናገርኩም?» አለ አንድ ሺህ።

«ከእርስዎ ቃል ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን ብንቀንሰው እንኳ፣ ሲመጡም ሲመለሱም ኮሪደር ድረስ የተሰማ ሳል ይተርፈናል። በሳንቃ ማዶ ላለ ጆሮ ግን ‹ሳል ብጤ› ሆነ። ልጅቷም አሳንሳ ነበር፤ ወዲያው ግን ራሷን አረመች። የቃልን ልክ ማወቅ ሙያዎ የሆነው እርስዎ አላረሙም።»

አራሚዋ ቦርሳዋን ከፍታ ያልተነካውን መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከጎኑ የመጽሐፉን ሽፋን ዘረጋችው። የሟቹ ስም ብቻ ነበረበት፤ ከጀርባው በደቃቃ ፊደል «ጥቂት እገዛ ላደረገችልኝ አራሚዬ» ይላል።

«የመጽሐፉን ግማሽ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ትዳርም ልጅም ያላየሁት እዚች ወንበር ላይ ነው። ሌላ ሰው ‹ጥቂት› ቢለኝ አፍ አምልጦት ነው እል ነበር። ጋሼ ግን ሳይመዝን ቃል አይጽፍም። አንብቤ መስኮቷን ዘጋሁ። ሲያንኳኳ ሰማሁት።»

«አንቺ ሴት!» አለ አንድ ሺህ።

«ኮቱን ለምን ቆለፉት?» አለ መርማሪው። «ባይቆልፉት ላልጠረጥርዎ እችል ነበር።»

«እንግዳ ፊት ሳይቆልፈው ቀርቦ አያውቅም። እንዲያ እንዲያዩት አልፈለግሁም።»

ፖሊሱ ልጅቷን ለቀቀና ወደ አራሚዋ ተሻገረ። ልጅቷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እትዬ፣ ብዙ ተሰቃየ?»

አራሚዋ ወደ መስኮቷ አየች። «ብዙም አልቆየም» አለች።

ልጅቷ ወደ መርማሪው ዞረች። «እውነቷን ነው?»

አንድ ሺህ አፉን ከፈተ። መርማሪው ክንዱን ጨበጥ አድርጎ ያዘው።

«እውነቷን ነው» አላት።