አንድ ሰከንድ ተኩል

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሞቶ የተገኘው የውጭውን በር ቁልፍ በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ነው። በአዳራሹ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ራሱ ከአንድ ትልቅ የእንጨት ሐዲድ ሥር ነው፤ በግራ እጁ ሲባጎ መሐሉን ጨብጧል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን የብረት ኳስ ደም እንደነካው ከጆሮው አጠገብ ቆሟል። ሌላ ተመሳሳይ ኳስ ደግሞ ንጹሕ እንደሆነ ከሐዲዱ ሆድ ውስጥ ተኝቷል።

እህቱ ቁልፉን ከሬሳው አንገት አውልቃ በሩን ከፍታ ፖሊስ ጠራች። መርማሪዋ እንደመጣች በሩን ራሷ መልሳ ቆለፈችው። ረጋ ያለች፣ ከምትናገረው የምታዳምጠው የሚበልጥ ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል።

መስኮቱ ሁሉ በፍርግርግ ብረት የታጠረ ነው። መምህሩ ልኬት በሚሠራበት ቀን በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሐዲዱን ያነቃንቅብኛል እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆልፍ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ፣ ገዳይ ካለ፣ በቤቱ ውስጥ ከነበሩት ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቤቱን የምትይዝለት እህቱ፣ መምህሩ ያሳደገው የእሷ ልጅ፣ ወይም አናጢው።

አናጢው ነገሩን አስረዳት። ሐዲዱ ከሁለት ወገን ወደ መሐል የሚወርድ እንደ ሸለቆ ያለ ጎባጣ ነው። መምህሩ ለሦስት ዓመት ኳስ በዚህ ጎባጣ ላይ ለመውረድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ሲያሰላ ኖሯል። ጎባጣው በትክክል ከተቆረጠ ኳሱ ከየትም ቢለቀቅ እኩል ጊዜ ይፈጅበታል ባይ ነበር። የተለካው ቁጥር ግን እምቢ ስላለው ጥፋቱን በአናጢው እጅ ላይ አድርጎ ሰባት ጊዜ አስፈርሶ አሠርቶታል።

«እጀ ጠማማ ይለኝ ነበር» አለ አናጢው። «ጠልቼዋለሁ፣ አልደብቅም። ግን መግደል ብፈልግ መዶሻ መቼ አጣሁ?»

ያን ቀን የግራውን ወገን ጨርሶ በር እስኪከፈትለት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጊዜ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ቀጥሎ መምህሩ ሲስቅ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ኳስ ሲንከባለል አልሰማም። ወጥ ቤት የነበረችው እህትም ሳቁን ሰምታለች። ወንድሟ ከሳቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሳቁ በኋላስ ተብላ ስትጠየቅ የድስቱን ክዳን አነሳች፤ መልሳ ከደነች፤ ሌላ ነገር አልሰማሁም አለች።

ልጇ ሠላሳ የሞላው፣ በሙያው የመሬት ቀያሽ ነው። ከሩቅ ከተማ ሥራ ሁለት ጊዜ መጥቶለት አጎቱ «ልኬቱ ሳያልቅ የት ትሄዳለህ?» ብሎ አስቀርቶታል። የመምህሩ ዓይን ስለደከመ የሩጫ ሰዓቱን ይዞ ጊዜውን የሚመዘግበው እሱ ነበር።

«በውስጥ በር ከአዳራሹ በሚገናኘው መኝታ ቤቴ ነበርኩ» አላት። «ኳሱ ሲንከባለል ሰማሁት። አጭር ነበር፤ የወትሮውን ግማሽ አይሆንም። ከታች አካባቢ በእጁ ለቆት፣ ጎንበስ እንዳለ መታው መሰለኝ።»

«ከታች ሲለቀቅ ጊዜው ያጥራል?»

«መንገዱ ካጠረ ጊዜው ምን ይጠብቃል?»

መርማሪዋ ሬሳው ወደተነሳበት አዳራሽ ገብታ ሲባጎውን ተከተለች። ሁለቱ ጫፎች ኳስ ከሚያግዱ ሁለት ሽብልቆች ላይ ታስረዋል፤ አንዱ ከግራው አናት፣ ሌላው ከቀኙ አጋማሽ። መሐል ላይ ቆሞ ሲባጎውን የሳበ ሰው ሁለቱንም ኳሶች እኩል ይለቃቸዋል። ቀጥላ መዝገቡን ገለጠች። ከላይ ሁለት ሰከንድ፣ ከመሐል አንድ፣ ከታች ግማሽ፤ ገጹ ሁሉ እንደ ደረጃ እየወረደ ይሄዳል፤ አንድም ስርዝ የለበትም። ሰዓቱን አንስታ ራሷ ሃያ ጊዜ ለካች። ከዚያ ሦስቱን ጠራቻቸው።

«ሟቹ ኳሱን ከላይ በእጁ ለቆት ቢሆን ኖሮ» አለች «ከመሰላል ወርዶ ከሥሩ ለመድረስ ጊዜ የለውም። ከታች ለቆት ቢሆን ኳሱ የሰው ራስ የሚሰብር ጉልበት የለውም። በሲባጎው ለቋቸው ከሆነም ኳሶቹ ከተጋጩ በኋላ ስቋል። ስለዚህ ኳሱ ተንከባሎ አልመታውም። ሰው አንስቶ መታው።»

አናጢው አንዱን ኳስ ከግራው አናት፣ እህት ሌላውን ከቀኙ አጋማሽ እንዲያስቀምጡ አደረገች። ሲባጎውን ሳበችው። ሁለቱ ኳሶች ከሐዲዱ ግርጌ፣ ልክ መሐል ላይ ተገናኙ፤ የተሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

አናጢው አፉን በእጁ ያዘ። «ልክ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ።

«ልክ ነበርክ። ከየትም ቢለቀቅ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። ሟቹ ይህን ለማወቅ ዓይን አላስፈለገውም፤ በጆሮው ሰምቶ ሳቀ። ያ ድምፅ አናጢውን ነጻ ያወጣል። እህትንም ከዚህ የተቆለፈ ቤት እስር ይገላግላል። የሚያጋልጠው መዝገቡን የጻፈውን ሰው ብቻ ነው።» ወደ ቀያሹ ዞረች። «አንተ አንድ ቀንም አልለካህም። ዛሬ ሰማሁ ያልከውም አጭር ድምፅ በዚህ ሐዲድ ላይ የለም። አጎትህን በመዝገቡ እንደዋሸኸው እኔንም ዋሸኸኝ።»

ቀያሹ የተዘጋውን መስኮት ያይ ነበር።

«መጀመሪያ አንድ ሳምንት ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሰለቸኝና ከራሴ ጻፍኩ። ከዚያ ቁጥሩ አልገጠመም ብሎ ሐዲዱን አስፈረሰው፤ እውነቱን ብናገር እፍረቱ፣ ዝም ብል እስሩ። ዛሬ ጠራኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰባቱንም ሐዲድ እንደገና እናቆማለን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ትለካለህ አለኝ። ሦስት ዓመት ማለት ነው። ኳሱ እጄ ላይ ነበር።»

«ሲጠራህ ሰምቻለሁ» አለች እናቱ። «ለእሷ አልነገርኳትም።»

መርማሪዋ በሩን ከፈተች። ውጭ ገና ቀን ነው፤ መንገደኛው በየፊናው ይሄዳል። ፖሊሶቹ ቀያሹን በሁለት ወገን ይዘው ሲያወጡት እናቱ እስከ ደጃፉ ተከተለችው። ኮሌታውን አስተካከለችለት።

«ልጄ» አለችው «የመጀመሪያውን ቀን ብትለካው ኖሮ እኮ ያን ቀን ማታ ሁላችንም እንወጣ ነበር።»