በአንቱታ የተጻፈው ፋይል

አማካሪው ሰው በሚያጽናናበት ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞተ። የተገኘው በልብስ ስፌት ፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ፣ «የሠራተኞች ምክርና ድጋፍ ክፍል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ በተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። አጠገቡ ፔርሙዝ አለ፤ ኩባያው ውስጥ ስኳር የሌለው የዝንጅብል ሻይ ቀዝቅዟል። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀራል» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ይቀራል አሉ! ሠራተኛው ይህን ጽሑፍ ሲያይ ምራቁን መትፋት ከጀመረ ቆይቷል።

የምርመራው ውጤት በማግስቱ ደረሰ፦ ሻዩ ውስጥ የልብ መድኃኒት ሟሙቷል፤ ያውም ለአንድ ሳምንት የሚበቃ። ፖሊስ ጊዜ አልፈጀም። ያንኑ መድኃኒት የሚወስደውን ጨርቅ ቆራጭ ከነተሸከመው ጥቅል ይዞ ወሰደው። ቆራጩ በቁጣው የተነሣ «ምላጭ» ይባላል። ባለፈው ወር እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ለአማካሪው በምስጢር ነገረው፤ በሳምንቱ ከመቁረጫው ተነሥቶ ጥቅል ተሸካሚ ሆነ። ያን ዕለት ግቢው መሐል ቆሞ «ምስጢሬን ሸጥከው! አንድ ቀን ምላስህን በመቀስ ነው የምቆርጠው!» ብሎ ሲጮህ ሦስት መቶ ሰው ሰምቶታል።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ጥያቄዋ ቀጭን ነው፣ ሲወጋ ግን የቱም ቆዳ አያቆመውም። አለቃዋ «ያለቀለት ጉዳይ ነው፣ ፈርመሽበት ነይ» ብሏታል። እሷ ደግሞ ያለቀለት ነገር ሲሰጧት ሆዷ አይወድም።

የፋብሪካው በር ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ የቆራጩ እናት ናቸው። ከነጋ አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ነው የቀመሱት፤ እሱንም የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ናቸው ያመጡላቸው።

«ልጄ ቁጡ ነው፣ አልዋሽሽም» አሉ የመርማሪዋን እጅ ይዘው። «ሰው ቢጠላ ግን ፊት ለፊት ነው የሚጠላው፤ በሻይ አይደለም። ያለ እሱ ማንም የለኝም የኔ ልጅ። ይሰቀላል እያሉ ያስፈራሩኛል።»

«ማን ነው ያስፈራራዎት እማማ?»

«ሁሉም።»

ወስፌ ደሟ ፈላ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች።

በመጀመሪያ የቆራጩን መድኃኒት አወጣች። ቅዳሜ የተገዛ ሠላሳ ፍሬ ነው፤ እስከተያዘበት ቀን ድረስ በቀን አንድ አንድ ብቻ ጎድሏል። ታዲያ ሻዩ ውስጥ የገባው ከየት መጣ? ክሊኒኩ ሄደች። ነርሷ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ጠበቀቻት።

«ሻዩን ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማፈላለት። ፔርሙዙን በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬለት እሄዳለሁ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያገኘዋል። ታዲያ እኔን ልታስሩኝ ነው?»

«ተረጋጊ ሲስተር። የልብ መድኃኒት እዚህ ይቀመጣል?»

«ትንሽ። በመጋዘን በኩል ነው የሚመጣልኝ። ባለፈው ወር ሁለት ጠርሙስ ቀረብኝ፤ ጋሼ ‹ተሰብሮ ደረሰ› ብለው ወረቀቱን ላኩልኝ።»

ወስፌ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አንሥታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችውና መለሰችው።

የአማካሪው መሳቢያ ውስጥ የባለጉዳዮች ፋይል ተደርድሯል። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። አማካሪው ወንድና ሴቱ እንኳ እንዳይለይ ሁሉንም በአንቱታ ነው የሚጽፈው። ከሥር አንድ ያረጀ ፋይል አገኘች፤ ቀድሞ ከሠራበት ፋብሪካ ይዞት የመጣ ነው። ለምን እንዳልጣለው እሱ ያውቃል።

«ቁጥር ዐሥራ ሰባት እንቅልፍ አጥተዋል» ይላል። «ማሽን ፊት ሲቀመጡ ያለቅሳሉ። ለቤተሰባቸው አልተናገሩም። ሲጨንቃቸው ከአባታቸው ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ አባታቸው ሆን ብለው ይሸነፉላቸዋል።» ከጎኑ በሌላ እጅ፣ በቀይ ብዕር፣ «ለኮሚቴው ይቅረብ» ተብሎበታል። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ቁጥር ዐሥራ ሰባት አርፈዋል። ፋይሉ ተዘግቷል።»

ወስፌ ይህንን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጥርሷን ነከሰች።

ቀጥሎ የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠየቀች። ሰው ሲያባርር እንኳ ድምፁ ስለሚለሰልስ ሠራተኛው «ቅቤው» ይለዋል። ከአማካሪው ጋር ከድሮው ፋብሪካ አብረው ነው የመጡት።

«ቁጥር ዐሥራ ሰባት የሚባሉትን ባለጉዳይ ያስታውሷቸዋል?»

«ቁጥር የአማካሪው ምስጢር ነው እመቤቴ» አለ እጁን እያሻሸ። «ሰውየው ማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? እኛ የሠራተኛን ምስጢር እናከብራለን።»

ይህንኑ ነርሷን ብትጠይቃት «እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው? የኛ ሠራተኛ ናቸው?» አለቻት።

በመጨረሻ መጋዘን ወረደች። የመጋዘኑ ኃላፊ ስልሳ ያለፋቸው፣ ጎበጥ ያሉ፣ ለማንም ክፉ የማይወጣቸው ሰው ናቸው፤ አለቃው እንኳ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በጨርቅ ጣቃዎች መሐል ተቀምጠው የዳማ ቆርኪ በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ከአማካሪው ጋር ነበር የሚጫወቱት ጋሼ?»

«በየቀኑ፣ በምሳ ሰዓት። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ።»

«ማን ነበር የሚያሸንፈው?»

«እሱ ነዋ! ደስ እንዲለው እለቅለት ነበር።» ፈገግ አሉ። «ሰው ሲያሸንፍ አፉ ይፈታል።»

«የሞተ ቀንስ?»

«ዕቃ ገብቶብኝ አልወጣሁም።»

ወስፌ ማስታወሻዋን እያገላበጠች፣ እንደ ዋዛ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «የድሮ ባለጉዳይ ነበሩት፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት የሚባሉ። በእሳቸው ነገር ቂም የያዘበት ሰው ይኖር ይሆን?»

ጋሼ ቆርኪውን አስቀመጡ። «ምን ያደርግልሻል ልጄ? ተያት፣ በሰላም ትረፍ።»

መርማሪዋ ቀና አላለችም። ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ቃል ጻፈችና «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ወደ ድሮው ፋብሪካ ስልክ መታች። ግማሽ ሰዓት ስታዳምጥ ቆየች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም በዚያችው የምክር ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ቅቤው፣ ነርሷ፣ ጋሼ፣ በካቴና የታሰረው ምላጭና እናቱ። በሩን ሆን ብላ ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ የሻይ ዕረፍት ስለነበር ኮሪደሩ በሠራተኛ ተሞልቷል።

«ቆራጩ አልገደለም» ብላ ጀመረች። እናትየው «ተመስገን» አሉ። «የሱ መድኃኒት ከቀኑ ቆጠራ አንድ ፍሬ አልጎደለም። ይህን ለማየት ማንም አልደከመም፤ ቁጡ ድሃ ከተገኘ ማን ይደክማል? የጎደለው የክሊኒኩ ነው። ሁለት ጠርሙስ ‹ተሰብሮ ደረሰ› ተብሏል። ሲስተር፣ ጠርሙሱ ከምንድን ነው?»

«ከፕላስቲክ… ወይ ጉድ!»

«ፕላስቲክ አይሰበርም። ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲቀበል ‹ተሰብሮ ደረሰ› እያለ የጻፈ እጅ ግን፣ ሳያስበው ይጽፈዋል።»

የሁሉም ዓይን ወደ ጋሼ ዞረ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

«ይህ ብቻውን ስህተት ነው ይባል ነበር» ወስፌ ቀጠለች። «እኔ ግን ሦስታችሁንም ስለ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ጠየቅኋችሁ። ፋይሉ በአንቱታ ነው፤ እኔም የጠየቅሁት በአንቱታ ነው። በአንቱታ ወንድ አይለይ፣ ሴት አይለይ። ሲስተር ‹እሳቸው› አለችኝ። ኃላፊው ‹ሰውየው› አሉኝ። ጋሼ ብቻ፣ ‹ተያት፣ በሰላም ትረፍ› አሉኝ። ሴት መሆኗን አልነገርኳቸውም። መሞቷንም አልነገርኳቸውም። ከአባቷ ጋር ዳማ እንደምትጫወት፣ አባቷም እንደሚሸነፍላት ፋይሉ ላይ ተጽፏል። አማካሪው ይህን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከዚያው አባት ጋር ዓመት ከአራት ወር ተጫወተ። አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለውም።»

«ትዝ አላለውም» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። «በየቀኑ ፊቱን አየሁት። አንድ ቀን ‹አንዲት ልጅ ነበረች፣ በደልኳት› ቢለኝ ትቼው እሄድ ነበር። አላለም። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለእኔ ለአባቷ ያልነገረችኝን ለሱ ነገረችው። በሳምንቱ ኮሚቴ ፊት አቆሟትና ‹ቁጥር ዐሥራ ሰባት› እያሉ የተናገረችውን ቃል በቃል አነበቡላት፤ ለቅሶዋን ሁሉ። ‹ለሥራ ብቁ አይደለችም› አሏት። በሦስተኛው ቀን ቀበርኳት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! መድኃኒቱን ጠዋት በበሩ ሳልፍ ፔርሙዙ ውስጥ ጨመርኩት። የሷን ፋይል ዘጋው፤ እኔም የሱን ዘጋሁለት። አይቆጨኝም።»

ቅቤው ኮቱን እየቆለፈ ተነሣ። «እጅግ ያሳዝናል። እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ከሆነ፣ ሥራ ስላለብኝ…»

«ተቀመጥ!» አለች ወስፌ፤ እርስዎነቱ ቀረ። ያረጀውን ፋይል ገልጣ ከፊቱ ዘረጋችው። «‹ለኮሚቴው ይቅረብ›። ይህን ቀይ ጽሑፍ ከምላጭ የዝውውር ደብዳቤ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ያንተው እጅ ነው። ኮሚቴውን የመራኸውም አንተ ነህ፣ ከድሮው ፋብሪካ ነግረውኛል። ልጅቷን ፊት ለፊትህ አቁመህ ያስለቀስካት ሰው፣ ‹ሰውየው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ› አልከኝ። እዚህስ የስንቱን ገመና አንብበሃል?»

ከኮሪደሩ አንዲት ሴት «የኔን!» ብላ ጮኸች። «የኔንም!» አለ ሌላ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቅቤው የሚያለሰልስበት ድምፅ ጠፋው፤ ላቡ አንገቱ ድረስ ወረደ።

«ጠበቃ ፈልግ» አለችው ወስፌ። «ፋይሎቹን ሁሉ ወስጃለሁ፤ አንድ በአንድ ባለቤታቸውን አገኛለሁ። ይህንን ደግሞ በደስታ ነው የማደርገው።»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ዝም ያልኩት ለዚህ ነበር እኮ! አንድ ቀርቶኝ ነበር። እሱን ሳልጨርስ እጄን ብሰጥ ምን ዋጋ አለው ብዬ። ይኸው ቀናኝ።»

የቆራጩ እናት ይህንን ሲሰሙ ቀስ ብለው ዞሩ። እስካሁን ነገሩ የገባቸው አይመስሉም ነበር፤ አሁን ግን ገባቸው።

«አንቱ ታውቁ ነበር» አሉ። «ልጄ እንዳልገደለ እያወቃችሁ ነው ውሃ ያመጣችሁልኝ።»

«ይፈታል ብዬ ነው እህቴ። ማስረጃ የለም፣ ይፈታል ብዬ…»

«ባይፈታስ?»

ሳቁ ከጋሼ ፊት ላይ ጠፋ።

«ልጅ ቀብራችኋል» አሉ እናትየው፤ አልጮኹም። «እሳቱን ታውቁታላችሁ። እኔም ልጄን ቢሰቅሉብኝ፣ ደሙን ከማን ልጠይቅ ነበር?»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ለወስፌ ዘረጉ። ነርሷ ታለቅሳለች።

«ከእኔ» አሉ።

ወስፌ የቆራጩን ካቴና ፈታችና በእሳቸው እጅ ላይ አሰረችው።