ከእኔ በፊት ለኮሚቴው

«እህቴ፣ ይሄ አይሆንም» አለኝ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ለአቅራቢነት ለመመዝገብ የከተማውን ግዥ ክፍል ስረግጥ ሦስተኛዬ ነበር። መጀመሪያ የግብር ክሊራንሱ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። ቀጥሎ ንግድ ፈቃዱ ላይ እንጨት እንጂ ብረት የሚል የለም ተባልኩ። ወረፋ ደግሞ ሞቴ ነው።

«አሁንስ ምኑ ነው?»

«ውክልናው። አባትሽ የሰጡሽ ውክልና ቤት ለመሸጥ ነው የሚለው። ወርክሾፑን ወክለሽ መፈረም አትችይም። ቤታቸውን ግን ከፈለግሽ ዛሬውኑ መሸጥ ትችያለሽ።»

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ ቀና አለ።

«ነገ አስተካክለሽ ነይ» አለኝ። «ወረፋው ላይ ግን አላግዝሽም።»

እኛ የተማሪ ዴስክ ነው የምንሠራው። አባዬ እንጨቱን፣ አጎቴ ብየዳውን። የግል ትምህርት ቤቶች ፊታቸውን ወደ ፕላስቲክ ካዞሩ ወዲህ ከስድስቱ ሠራተኞች አራቱን አሰናብተናል። የቀረን ተስፋ የከተማው ትምህርት ቤቶች የሦስት ዓመት የዴስክ ጨረታ ብቻ ነበር። እሱ ካለፈን መዝጋት ነው። ቤት ውስጥ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱ እኔ ላይ ተጣለ።

ሌሎቹ ሠራተኞች ሰነድ ላይ ጉድለት ሲያገኙ በቀይ እስክሪብቶ ይሞነጫጭሩበታል። እሱ በእርሳስ ነበር የሚጽፈው። አስተካክዬ ስመለስ ላጲስ አውጥቶ ያጠፋዋል። አጎቴ ይህን ሲሰማ «እርሳሱ» የሚል ስም አወጣለት።

«እርሳሱ ዛሬ ምን አለሽ?»

«የዋጋ ፖስታውና የቴክኒክ ፖስታው ለየብቻ ይታሸግ አለኝ።»

«ይህን ለማለት ግማሽ ቀን ፈጀበት?»

ፖስታዎቹን አንስቼ ማሸግ ጀመርኩ።

ምዝገባው ባለቀ ቀን ሻይ ልጋብዝህ አልኩት።

«ከተጫራች ጋር ውሃም አልጠጣ» አለኝ። «የገምጋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ።»

«ጨረታው ካለቀ በኋላስ?»

«ከዚያማ ሻይ ምን ያደርጋል፣ ምሳ ነው እንጂ።»

በመካከላችን የተባለው ይኸው ነው። እጄን እንኳ ነክቶ አያውቅም።

ጨረታው የተከፈተው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ነው። ዋጋ የሚያነበው እሱ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደገና ጀመረ። ከሁሉም ዝቅተኛው የእኛ ነበር። አባዬ ክንዴን ጨመቀ።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። «ከኮሚቴው ጸሐፊ ጋር ያላችሁ የግል ግንኙነት ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ባለመገለጹ ሰነዳችሁ ከውድድር ውጪ ሆኗል።»

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሌላ ተጫራች ገዝቶታል ብዬ ነው ያሰብኩት።

«ስንት ሰጡህ?» አልኩት ገና ከበሩ።

ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አውጥቶ ወደ እኔ ገፋው። የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ይላል። «የግንኙነቱ ዓይነት» ከሚለው ሥር ዘመድ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የንግድ ሸሪክ፣ ሌላ የሚሉ ሣጥኖች አሉ። «ሌላ» ላይ ምልክት አድርጎ ከጎኑ በእስክሪብቶ ጽፏል፦

«ላገባት የማስባት።»

ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ለእኔ ሳትነግር ለኮሚቴው ነገርክ?»

«ጨረታው ሳያልቅ ለአንቺ መንገር ክልክል ነው። ለእነሱ አለመንገር ደግሞ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ከመክፈቻው በፊት ለምን አልጻፍከውም? አንተ ከኮሚቴው ትወጣ ነበር፣ እኛ እንቀር ነበር!»

«ከመክፈቻው በፊት እርግጠኛ አልነበርኩም። ዋጋችሁን ሳነብ ድምፄ ተቆረጠ። ያኔ ነው የገባኝ። በማግስቱ ጻፍኩት... ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ነገር ደብቄ አላውቅም።»

ልቤ ቀለጠ ብል ደስ ባላችሁ። ተናድጄ ነበር። ተናድጄም ቢሆን ያቺን ሁለት ቃል ሦስተኛ ጊዜ አነበብኳት።

የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ቁጣዬን ሰምታ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም።

«በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ» አለችኝ። «ግንኙነት የለንም፣ ሐሳቡም የለኝም ብለሽ በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ። ውሉ የሦስት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት አብራችሁ ብትገኙ ውሉ ይፈርሳል፣ ወርክሾፑም ከአቅራቢዎች ዝርዝር ይሰረዛል።»

«እሱስ?»

«ያልሆነውን ሆነ ብሎ በማሳወቁ ይጠየቃል። አይባረርም፣ ይዛወራል።»

ለአባዬ ከውድድር ያወጣን ደንብ ነው አልኩት እንጂ ቅጹ ላይ የተጻፈውን አልነገርኩትም። አራት ቀን ሙሉ የቅሬታ ደብዳቤውን በኮምፒውተሬ ላይ ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በአምስተኛው ቀን ወርክሾፑ ስገባ አባዬ መጋዙን ለገዢ እያሳየ ነበር። ሰውየው የመጋዙን ጥርስ በጣቱ እየዳበሰ ዋጋ ያወርዳል፣ አባዬ ይስማማል። ተመልሼ ወጥቼ ፈረምኩ።

ቅሬታ የሚቀበለው መስኮት የእሱ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«እውነት ነው?»

«ተፈርሟል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«የምትጠይቀኝ ሌላ ነገር የለም» አልኩት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጠነከረ።

ገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥር ሰጠው። ቀስ ብሎ ነበር የሚጽፈው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣

«ሦስት ዓመት ምንም አይደለም። እጠብቅሻለሁ» አለኝ።

«አትጠብቀኝ። ሐሳቡ የለኝም ብዬ ነው የፈረምኩት። ከጠበቅከኝ፣ እኔም እንደምትጠብቀኝ ካወቅኩ፣ ውሸት ፈረምኩ ማለት ነው።»

ይህን የሚመስል ነገር ለሌላ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል። እሱ ግን አሰበበት። ትክክል መሆኑን ሲያይ ፊቱ ላይ አየሁት።

«እሺ» አለ። «አልጠብቅሽም።»

ቃሉን ጠበቀ። ኮሚቴው ሲጠይቀው ሐሳቡ በእሱ በኩል ብቻ እንደነበር ቃሉን ሰጠ፣ በዚያው ሳምንት ከተማው ዳር ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወረ። እኛ አሸነፍን። ሠራተኞቹ ተመለሱ። በሁለተኛው ዓመት ምዝገባ ላድስ ስሄድ ኃላፊዋ እያየችኝ «አገባ እኮ» አለችኝ። «መልካም ጋብቻ በይልኝ» አልኳትና የእድሳቱን ቅጽ ሞላሁ።

ባለፈው ወር የውሉን የመጨረሻ ዴስኮች አስረከብን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከመኪና ስናወርድ አባዬ ድንገት፣

«ያ መነጽር ያለው ልጅ የት ገባ?» አለኝ። «በመክፈቻው ቀን ሲያይሽ አይቼው ነበር።»

ነገርኩት። ሁሉንም። ዴስኩን በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን ቆመናል።

«ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር? ተዪው፣ ይዘጋ ትለኝ ነበር?»

አባዬ ዴስኮቹን አየ። ሊዋሽልኝ ይችል ነበር።

«እንጃ፣ ልጄ» አለኝ። «እንጃ።»

ዴስኩን ወደ ክፍሉ አስገባነው።